አላብብ ያለውን ሐረግ ገና አትንቀሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ፣ የቤትና ጓሮ ገጽ ላይ፣ አንዲት እህት ከቨርጂኒያ የላከችውን ጥያቄ አነበብኩ። የገዛችው ቤት ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚወጣ፣ ሐረጋማ ሃይድሬንጃ የሚባል የአበባ ተክል አለ። ቅጠሉ ያምራል፣ ግድግዳውን ሸፍኖታል። አበባ ግን አሳይቷት አያውቅም። ባለቤቷም «ነቅለን ጽጌረዳ እንትከልበት» እያለ ነው። ከጥያቄዋ ሥር የወጣው መልስ «ኖቬምበር ላይ አጥብቀሽ ከርክሚው፣ ማዳበሪያም ጨምሪበት» ይላል።

መልሱን የሰጡት ሰው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ለብዙ ተክል የሚሠራ ምክር ነው። ለዚህ ሐረግ ግን አይሆንም። እንዲያውም አበባውን ከሚያስቀሩት ነገሮች መካከል እነዚሁ ሁለቱ ይገኛሉ። እህቴ መቀሱን ከማንሳቷ በፊት ይህ ደብዳቤ እንዲደርስላት ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የቤቴ ምሥራቃዊ ግድግዳ ጡብ ነው። ይኸው ሐረግ ከመሬት ተነስቶ እስከ ሁለተኛው ፎቅ መስኮት ይዞታል። በየዓመቱ ሜይ ሊያልቅ ሲል ማበብ ይጀምራል፣ ጁንን ይዞ ይቆያል። አበባው ጠፍጣፋና ሰፊ ነው። መሐሉ ላይ ጥቃቅን፣ ክሬም መልክ ያላቸው አበቦች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ዙሪያውን ደግሞ ባለአራት ቅጠል ነጫጭ አበቦች ልክ እንደ ነጠላ ጥለት ይከቡታል። ማር ማር ይሸታል። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ንቦቹ ሥራ ላይ ናቸው። ያንን ያየ ሰው ይህን ተክል ነቅሎ ሲጥል ማየት ይከብደዋል። እኔም ከብዶኝ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ሃይድሬንጃ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ለእናቶች ቀን በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ የሚደረደረውን ነው። ያ ቁጥቋጦ ነው። አበባው ትልቅ ክብ ነው፤ እንደ አፈሩ አሲድነት ሰማያዊም ሮዝም ይሆናል። የእኛው ሐረግ የእሱ ዘመድ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። ቀለሙ አይለወጥም፣ ሁልጊዜ ነጭ ነው። አመሉም ሌላ ነው። አንዳንድ የሃይድሬንጃ ዓይነቶች በዚያው ዓመት በወጣ አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ያብባሉ። እነሱን በብርዱ መጨረሻ ብትከረክሟቸው ይወዱታል። ይኼኛው ግን የሚያብበው አምና በወጣ እንጨት ላይ ነው። መልሱ የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የአንዱን ሃይድሬንጃ ምክር ለሌላው ሰጠው።

የትውልድ አገሩ ጃፓን፣ ኮሪያና የሩሲያዋ ሳካሊን ደሴት ነው። ጎረቤቴ አንዲት የኮሪያ ተወላጅ አሮጊት ናቸው። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ መጀመሪያ ያነሱልኝ ቃኘው ሻለቃን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ፑሳን ወደብ ስለወረዱት ወታደሮቻችን በልጅነታቸው ሲወራ ሰምተው አድገዋል። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ለእኔ እንደ እናት ናቸው። ይህን ሐረግ ግድግዳዬ ላይ ሲያዩት ወዲያው ነው ያወቁት። ከኮሪያ በስተምሥራቅ ባሕሩ ላይ ኡሉንግዶ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ጫካ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ተጠግቶ ወደ ላይ ሲወጣ ነው የሚያውቁት። «ይሄ የጫካ ልጅ ነው፤ አታስቸኩዪው» አሉኝ።

ነገሩን ሁሉ የሚፈታው ይኸው ነው። ሐረጉ ሕይወቱን የሚጀምረው ጫካ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ነው። ዛፍ ያገኛል፣ ቀጫጭን ሥሮቹን ልጡ ላይ ይተክላል፣ ወደ ብርሃኑ ይወጣል። በዚህ ዕድሜው ሥራው መውጣት ብቻ ነው። አበባ አያስብም። ከፍ ብሎ ብርሃን ካገኘና ግንዱ ከጠነከረ በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ቅርንጫፍ ማውጣት ይጀምራል። እነዚህ ግድግዳውን አይዙም። ከግድግዳው ርቀው ወደ ውጭ፣ ወደ አየሩ ይዘረጋሉ። አበባው የሚቀመጠው በእነሱ ጫፍ ላይ ነው።

እህቴ፣ ጃንዋሪ ላይ ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ሳለ ካፖርትሽን ደርበሽ ወደ ጋራዡ ግድግዳ ጠጋ በይ። ዋናው ግንድ ቀይ ቡናማ ነው፤ ልጡ በስሱ እየተላጠ ይንጠለጠላል። በሽታ እንዳይመስልሽ፣ ተፈጥሮው ነው። ግንዱ ከጡቡ ጋር በሚነካካበት በኩል ጥቅጥቅ ያሉ አጫጭር ሥሮች ታያለሽ። አሁን ደግሞ ከግድግዳው ወደ አንቺ የወጡትን አጫጭር ቅርንጫፎች እዪ። ጎን ለጎን ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ትንንሽ እምቡጦች አሏቸው። ጫፋቸው ላይ ግን ከሌሎቹ ወፈር ያለ፣ ሹል እምቡጥ አለ። በጣትሽ ብትነኪው ጠንካራ ነው። የሚመጣው ጁን አበባ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የተዘጋጀውም ባለፈው ኦገስት ገደማ ነው። ወራቱን ሁሉ ብርዱን ችሎ እየጠበቀ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ኖቬምበር ላይ መቀስ ይዞ መጥቶ «ከግድግዳው የወጣውን ላስተካክል» ሲል ምን እንደሚቆርጥ አስቡት። ሌላ ምንም አይደለም፣ አበባውን ነው የሚቆርጠው። የተጣበቀውን ግንድ ይተዋል፣ የወጣውን ያጭዳል። ግድግዳው ንጹሕ ይሆናል። በጸደይ ሐረጉ ቅጠል ያወጣል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጤነኛ ነው። ጁን ላይ አንድም አበባ የለም። ባለቤቱ ግራ ይገባዋል። ኖቬምበር ላይ እንደገና መቀሱ ይመጣል።

የእኔም ታሪክ ይኸው ነበር። ሣር የሚያጭድልኝ አንድ ድርጅት ነበር። በውሉ ላይ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ ቁጥቋጦ መከርከምም አለበት። ልጆቹ ታታሪዎች ናቸው፤ የታዘዙትን ነው የሚሠሩት፣ ጥፋት የለባቸውም። እኔ የሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። ቀን ተኝቼ እነሱ መጥተው ሄደዋል። ስነሳ ሐረጉ ከጡቡ ጋር እኩል ሆኖ ተላጭቷል። ለቢሮው ደወልኩ። «ውሉ ላይ ያለ ነው፣ ለተክሉም ጥሩ ነው» ተባልኩ። በሚቀጥለው ዓመትም ያው ሆነ። ለተክሉ ጥሩ ነው የሚለው ነገር አሁንም ሳስታውሰው ያናድደኛል፤ አንድ ሰው ቆም ብሎ ይህ ምን ዓይነት ተክል ነው ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ዓመት ባልባከነ። በመጨረሻ እንጨት ላይ በስፓኒሽ «ኖ ኮርታር»፣ አትቁረጡ ማለት ነው፣ ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፣ ቀይ ሪባን አሰርኩበት፣ ከሐረጉ ሥር ተከልኩት። መቀሱ ቆመ። መጀመሪያ ላይ፣ ከፍ ብሎ መስኮቱ አጠገብ ጥቂት አበቦች ታዩ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ታች ወረዱ። አሁን ግድግዳው ሙሉ ነው።

ስለዚህ እህቴን የምለምናት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። መቀሱን አርቂለት። ግድ መቁረጥ ካለብሽ ጊዜው አበባው ከደረቀ በኋላ ወዲያው ነው፣ ጁላይ ላይ። ያኔ ብትቆርጪ የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። ያላበበም ቢሆን ያንኑ ወር ጠብቂ። የምትቆርጪውም አሸንዳ ውስጥ የገባውን፣ መስኮት የሸፈነውን፣ የደረቀውን ብቻ ይሁን። ሐረጉ ከልክ በላይ ገዝፎ ካስቸገረ ደግሞ በአንድ ጊዜ አትምቺው። አንድ ሦስተኛውን ዘንድሮ፣ አንድ ሦስተኛውን ከርሞ፣ የቀረውን ደግሞ በሦስተኛው ዓመት። በአንድ ጊዜ ከታች የተቆረጠ ሐረግ አይሞትም፣ ግን ጉልበቱን ሁሉ መልሶ ለመውጣት ያውለዋል። ለዓመታት አበባ አትጠብቂ።

ማዳበሪያው ላይ ልምጣ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ትልልቅና የተትረፈረፈ ከሆነ ሐረጉ አልተራበም። ምናልባት ጠግቧል። የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ሦስት ቁጥሮች ታያላችሁ። የመጀመሪያው ናይትሮጂን፣ ሁለተኛው ፎስፈረስ፣ ሦስተኛው ፖታሲየም ነው። ናይትሮጂን ቅጠልና አዲስ ቅርንጫፍ ይገፋል። የሣር ማዳበሪያ የመጀመሪያው ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ሣር ቅጠል ስለሆነ የሚፈለግበትም እሱ ነው። ታዲያ ሰዎቹ ማዳበሪያውን በጋሪ ሲበትኑ ሣሩ ላይ ብቻ አይቀርም። ሣሩ እስከ ሐረጉ ሥር ከመጣ ሐረጉም አብሮ ይበላል። ከዚያ ቅጠል በቅጠል ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሐረጉ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ሣሩን አንሺው። በምትኩ የረገፈ ቅጠል ወይም የእንጨት ስብርባሪ ጉዝጓዝ አድርጊበት። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቂ፣ እርጥበት ይይዝና ልጡን ያበሰብሰዋል።

«እንዲያብብ ያደርጋል» ተብሎ የሚሸጠው፣ መሐለኛው ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ማዳበሪያም አለ። አፈራችሁን ሳታስመረምሩ አትግዙት። ብዙ ጓሮ ውስጥ ፎስፈረስ አስቀድሞ በቂ ነው። የተረፈው በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፣ ከወንዝ ወደ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ ሣር ላይ ፎስፈረስ መጨመርን የሚገድብ ሕግ በሥራ ላይ የዋለውም ለዚህ ነው። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ማርች ላይ፣ አንድ ሁለት አካፋ ብስባሽ ከሥሩ እበትናለሁ። ሌላ ምንም አልሰጠውም።

ብርሃኑስ? ነርሰሪ ሄዳችሁ ስትገዙ «ጥላ ይወዳል» ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ እውነት ነው። ጥላ ይችላል። ሰሜን በሚያይ ግድግዳ ላይ ሌላ ሐረግ ሲያቅተው እሱ ይወጣል፣ ቅጠሉም ያምራል። አበባው ግን ይቀንሳል፣ ጨርሶ ጨለማ ከሆነም ሊቀር ይችላል። ለእኛ አካባቢ የሚስማማው የጠዋት ፀሐይ ነው። ለሦስት ለአራት ሰዓት ያህል የጠዋት ፀሐይ ካገኘና ከቀትር በኋላ ጥላ ካረፈበት ደስተኛ ነው። ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ እንደ ዋሽንግተን ባለ አካባቢ በጁላይ ሙቀት ቅጠሉን ዳር ዳሩን ያቃጥለዋል። እህቴ ጋራዡ ወደየት እንደሚያይ አልጻፈችም። ቅዳሜ ቀን ቤት ስትውል ከጠዋት ጀምሮ በየሰዓቱ ወጣ ብላ ፀሐዩ የት እንደደረሰ ትመልከት። የጎረቤት ሜፕል ዛፍ እየጋረደው ከሆነ የዛፉን ታች ታች ያሉ ቅርንጫፎች ማስነሳት ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል። በነገራችን ላይ ባለቤቷ የሚያስበው ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ሃይድሬንጃው በብርሃን እጦት ካላበበ ጽጌረዳው እዚያ ቦታ ላይ ጭራሽ አይሆንለትም። ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ውሃም ችላ የሚባል ነገር ነው። የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ዝናብ አይደርሰውም። ጓሮው ጨቅይቶ ሳለ እዚያ ጋ አቧራ ሊሆን ይችላል። ጡቡም ራሱ ውሃ ይመጥጣል። አዲስ የሚተክል ሰው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቆ ቆፍሮ፣ ችግኙን ወደ ግድግዳው አዘንብሎ ቢተክለው ጥሩ ነው። የቆየውን ደግሞ ኦገስት ላይ አትርሱት። ያኔ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤት ገብቷል፣ ሐረጉ ግን ለከርሞ እምቡጥ የሚያዘጋጀው በዚያ ሰሞን ነው። ጎማውን ከሥሩ አስጠግታችሁ፣ ውሃውን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱና ለረጅም ጊዜ ተዉት። በሳምንት አንድ ቀን እንዲህ ጠልቆ ቢጠጣ በየቀኑ ላይ ላዩን ከመርጨት ይሻላል። የእኛ አካባቢ ቀይ ሸክላማ አፈር ግን ውሃ ያቁራል። ጣታችሁን አስገብታችሁ ሞክሩት፤ ጭቃ ከሆነ ተዉት።

አንዳንድ ዓመት ሁሉም ነገር ተሟልቶ አበባው ይቀራል። ይህ የውርጭ ሥራ ነው። ሐረጉ ቀድሞ ይነቃል፤ ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ላይ ጥቂት ቀን ከሞቀ እምቡጡ ያብጣል። ከዚያ ውርጭ ተመልሶ ይመጣል። በ2017 ማርች አጋማሽ ላይ የመጣው ቅዝቃዜ ዋሽንግተን ውስጥ ታይዳል ቤዚን በሚባለው ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን የዮሺኖ ቼሪ አበቦች ግማሽ ያህሉን እንዳበላሸ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ፓርክ ውስጥ ባለሙያ እያየው እንዲህ ከሆነ የእኛ ጓሮ ምን ይደንቃል? ተክሉ ትንሽ ከሆነ ማታ አንሶላ ጣል አድርጉበት፣ ጠዋት አንሱት። ትልቁን ግድግዳ ግን ማን ይሸፍናል። ያን ዓመት ዝም ብሎ ማለፍ ነው። ጠቁሮ ያያችሁት ጫፍ ሁሉ የሞተ አይደለም፣ ስለዚህ ሜይ እስኪመጣ አትቁረጡ።

ታች ታቹ ብቻ ካላበበ ደግሞ አጋዘኖቹን ጠርጥሩ። እኛ ባለንበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ አጋዘን እንደ ጎረቤት ነው፣ ሌሊት መጥቶ አንገቱ እስከደረሰበት ድረስ ይበላል። የብርዱን ወራት መረብ ቢደረግለት ይተርፋል። ሰው ግን እንዳይበላው። ቅጠሉም እምቡጡም ሆድ የሚጎዳ መርዝ አለበት፤ ሕፃን ወይም ውሻ ያላችሁ ተጠንቀቁ።

ዕድሜውን ያልጠየቀ ሰው ስለ አበባው ሊናገር አይችልም። ይህ ሐረግ ሲተከል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ከመሬት በታች ነው የሚሠራው። ሥር ይሰዳል፣ ከላይ ግን ብዙ አይንቀሳቀስም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በድንገት መሮጥ ይጀምራል። አበባው ከተተከለ በአምስተኛው ዓመት ከመጣ ጥሩ ነው፤ ሰባትና ከዚያ በላይ የሚፈጅበትም ብዙ ነው። እህቴ የቀድሞውን ባለቤት ወይም ጎረቤቶቿን መቼ እንደተተከለ ብትጠይቅ ጥሩ ነበር። የሚያውቅ ከሌለ ግንዱን ትመልከት። የክንድ ያህል ከወፈረና ልጡ የሚላጥ ከሆነ ለማበብ ዕድሜው ደርሷል፣ ያገደው ሌላ ነገር ነው። እርሳስ ካከለ ግን ገና ልጅ ነው።

ደግሞ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ታረጋግጥ። ጡብ ከሆነና ስሚንቶው ጤነኛ ከሆነ አይጎዳውም። ቪኒል ሳይዲንግ (የፕላስቲክ የግድግዳ ልባስ) ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት ላይ ግን አይሆንም፤ ሥሮቹ ክፍተት ውስጥ ይገባሉ፣ ሲነሱም ምልክታቸው አይለቅም። እንዲያ ከሆነ መንቀሉ ሳይሆን ማዛወሩ ነው የሚሻለው። ትልቅ ዛፍ ካላት ከዛፉ ሥር ትትከለው። ልክ ኡሉንግዶ እንዳለው ይወጣል። ዛፉን አንቆ አይገድልም።

ለሌሎች አንባቢዎችም የምለው አለኝ። ብዙዎቻችን እዚህ ቤት ስንገዛ የምንጀምረው ጓሮውን በማጽዳት ነው። የማናውቀውን ሁሉ ነቅለን፣ ግማሹን ስሚንቶ አፍስሰን፣ በቀረው ላይ ጎመን፣ በሶብላና ጤና አዳም እንተክላለን። ጤና አዳም የሌለበት ጓሮ ለእኔም ጓሮ አይደለም። ግን ከእኛ በፊት የነበረው ሰው የተከለውን ሐረግ ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ባንነቅለው። አንዳንዱ ለማበብ የጠበቀውን ዓመት እኛ አልጠበቅንም። በአንድ ቀትር ተቆፍሮ የሚወጣው ነገር መልሶ እዚያ ከፍታ ላይ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅበት አሁን ነግሬያችኋለሁ። በሥራዬ ሰው ገና ሳይመረመር «አይድንም» ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ። እኔ አልወደውም ነበር። ለተክልም አልወደውም።

እርዳታ የምትፈልግ ከሆነ እህቴ የምትኖርበት ካውንቲ ስለ እርሻና ጓሮ ምክር የሚሰጥ የኤክስቴንሽን ቢሮ አለው። ቨርጂኒያ ውስጥ በቨርጂኒያ ቴክና በቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመራ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ማስተር ጋርድነር የሚባሉ ሠልጣኝ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ በየገበሬዎች ገበያውም ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። የቅርንጫፍ ፎቶ ወይም ቅጠል ይዛችሁ ሂዱ። ለምክሩ አያስከፍሉም። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትፍሩ፣ ቅጠሉን ሲያዩት ግማሹ ወሬ ያልቃል።

አዘጋጁን ደግሞ የምጠይቀው ይህንን ነው። የቤትና ጓሮ ገጻችሁን ሁሌም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው የማነበው፣ ጥሩ ሥራ ነው። ያ መልስ ግን በሚቀጥለው እትም ይታረም። እርማቱም ስለ ሐረጋማው ሃይድሬንጃ ለብቻው ይውጣ፣ ከቁጥቋጦዎቹ ጋር አይደባለቅ። ኦክቶበር ሳያልቅ ብታወጡት ይጠቅማል፤ ኖቬምበር ከገባ የከርካሚዎቹ መኪኖች በየሰፈሩ መዞር ይጀምራሉ። ለሣር አጫጆች የሚሰጥ አጭር ማሳሰቢያ በስፓኒሽ አብራችሁ ብታትሙልን ደግሞ ቆርጠን ግድግዳው ላይ እንለጥፈው ነበር።

እህቴም ብትፈቅድ፣ የእኔ ሐረግ መሬት ላይ የተኙ ቅርንጫፎቹ ሥር አውጥተዋል። ማርች ላይ ቆርጬ በማሰሮ አፈር አደርግላታለሁ። ለሰሜኑ ግድግዳዋ ይሆናታል። ጋራዡ ላይ ያለውን ግን እስከሚመጣው ጁላይ ማንም አይንካባት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛዋ ነርስ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ